ገበናው የማን ነው?

«ዝም አይነቅዝም» ይላል የሀገራችን ሰው። ነገር ከማብዛት ዝምታን መምረጥ የአስተዋይ ምልክት መሆኑን ለማስረዳት የተባለ ነው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። እኔም እነዚህን አባባሎች ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁ በማደጌ አልንቃቸውም፤ ብዙ ጠብ አብርደዋል፤ ብዙ ትዳርም አቁመዋል። ነገር ግን ዝምታም እንደ እህል የሚከተትበት ቦታ ይወስነዋል። በደረቅ ጎተራ ያኖሩት እህል ዓመት ይቆያል፤ ውሃ በሚገባው ጉድጓድ የጣሉት ግን በወሩ ይሻግታል። የተበደለች ሴት በልቧ ቀብራ እንድትይዘው የምትታዘዘው ዝምታ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ይነቅዛል፤ የያዘውንም ልብ አብሮ ያነቅዛል። ስለዚህ ዛሬ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን የአባቶች ቃል ይዤ፣ ለመናገር ያሳፍራል ስለ ተባለ አንድ ነገር ልጽፍ ተነሣሁ። ነገሩም አንዲት ሴት ተገድዳ ከተደፈረች በኋላ እርዳታና ደጋፊ ስለ መፈለጓ ነው።

በቋንቋችን «ገበና» የሚባል ክብደት ያለው ቃል አለ። የቤት ድህነት፣ የባልና የሚስት ጠብ፣ የልጅ ዐመፅ፣ የሕመም ምሥጢር፣ ይህ ሁሉ ገበና ይባላል፤ ገበናን የሚሸፍን ጎረቤትም መልካም ጎረቤት ነው። ይሁን እንጂ ሌሊት ሌባ ቤት ሰብሮ ሲገባ «ገበናችሁን ሸፍኑ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ባለቤቱ ኡኡ ይላል፤ ጎረቤት ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ በማግሥቱም «ምን ተወሰደባችሁ?» እየተባለ ይጠየቃል እንጂ «በራችሁን ለምን ያማረ ቀለም ቀባችሁት?» የሚል አይገኝም። ሌባው የሴትን ገላ የደፈረ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። የሚመረመረው የልብሷ ርዝመት፣ የመሸባት ሰዓት፣ የሄደችበት መንገድ ነው። ኡኡታዋም ገበና ተብሎ ይታፈናል። እንዲህ ሲሆን የሌባውን ገበና የምትሸፍንለት ራሷ የተዘረፈችው ሴት ናት ማለት ነው።

ይህን ሐሳብ ያገኘሁት በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የአክስቴ ልጅ ቤቴ በመጣች ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ መጥታ ቀን በሰው ቤት እየሠራች፣ ማታ ስምንተኛ ክፍል ትማር ነበር። ስሟንም፣ የሠራችበትንም ቤት አልጽፍም፤ ይህን ጽሑፍ ግን ከመስጠቴ በፊት አንብቤላት «ይጻፍ» ብላ ፈቅዳለች።

ቅዳሜ ጧት አንድ ሰዓት ገደማ በሩን አንኳኩታ ገባች። ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ተከናንባ ነበር። በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ «እትዬ፣ ጉድ ሆንኩልሽ» አለችና ዝም አለች። እኔም የጀመርኩትን ቡና ከእሳቱ አውርጄ ከአጠገቧ ተቀመጥሁ። ማን፣ የት፣ እንዴት እያልሁ አላጣደፍኳትም። በመሥሪያ ቤታችን የሴቶች ጉዳይ ክፍል ከዓመት በፊት አንድ አጭር ትምህርት አዘጋጅቶልን ስለ ነበር፣ እንዲህ ባለ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ሳይሆን የሚያዳምጥ ሰው እንደሚያስፈልግ ተምሬአለሁ። ቡናው ቀዝቅዞ ካበቃ በኋላ ነገሩን በጥቂት ቃል ነገረችኝ። ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቤተ ሰቡ ለቅሶ ቤት በሄደበት ጊዜ፣ ወደ ቤቱ አዘውትሮ የሚገባ የእመቤቷ ዘመድ በደሉን ፈጽሞባታል። ዝርዝሩን እኔ አልናገረውም፤ የመናገር መብቱ የእርሷ ነው።

«አይዞሽ፤ ያልሽኝን ሰምቻለሁ፤ ጥፋቱ የእርሱ እንጂ ያንቺ አይደለም» አልኋት። እርሷም መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ማንም እንዳይሰማ» ብላ ነበር። ያለ ፈቃዷ ለማንም እንደማልናገር ቃል ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ግን የማያስጠብቅ ነገር እንዳለ ነገርኋት፤ ይኸውም የሰዓት ጉዳይ ነው። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ስንቆጥረው ሠላሳ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የሰዓት ጉዳይ እዚህ ላይ በዝርዝር ባስረዳ አትቸኩልብኝ፤ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነውና። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በሰውነት ውስጥ ሥር እንዳይሰድ የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት፣ ማለትም በሦስት ቀንና ሌሊት ውስጥ ነው፤ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ቢሆን ይመረጣል፤ ከተጀመረም በኋላ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ከ72 ሰዓት ካለፈ መድኃኒቱ አይሰጥም። ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከለው ድንገተኛ መድኃኒት እስከ 120 ሰዓት፣ ማለትም እስከ አምስት ቀን ሊሰጥ ይችላል፤ ግን በዘገየ ቁጥር ኀይሉ ይደክማል። ከዚህም በቀር ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን የሚከላከል መድኃኒትና ጉበትን የሚያጠቃው በሽታ ክትባት አለ። እንግዲህ «ጥቂት ቀን እንጠብቅና ነገሩን እንየው» የሚል ቤተ ሰብ፣ ሳያውቀው የልጁን መድኃኒት በገዛ እጁ ይደፋዋል።

የልብስ ነገርም አለ። በደል የደረሰባት ሴት ሁሉ መጀመሪያ የምትመኘው ገላዋን መታጠብና የለበሰችውን ማጠብ ወይም ማቃጠል ነው። ይህ የሰው ባሕርይ ነው። ይሁን እንጂ ሳይታጠቡ፣ ልብሱንም ሳያጥቡ ወደ ሐኪም መሄድ ለምስክርነት ይጠቅማል። የአክስቴ ልጅ ገላዋን ታጥባ ነበር፤ የውስጥ ልብሷን ግን በፌስታል ጠቅልላ ደብቃው ኖሮ ይዛው መጣች። ልብስ በፌስታል ሲታፈን እርጥበቱ ማስረጃውን ያበላሸዋል፤ መቀመጥ ያለበት በወረቀት ከረጢት ነው። ታጥቤአለሁና አልቆልኛል ብላ የምትቀር ሴት ካለችም፣ ምርመራው ያኔም ቢሆን እንደሚጠቅምና መድኃኒቱም እንደማይቀርባት ትወቅ።

በመጀመሪያ የሄድንበት የጤና ተቋም የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ነገሩን ከሰማ በኋላ ራሱን ከወረቀቱ ሳያነሣ «የፖሊስ ደብዳቤ አምጡ» አለን። ቃሉ ወረፋ ይጠብቅ በነበረው ሰው ሁሉ ፊት የተነገረ ነበርና ልጅቱ በነጠላዋ ውስጥ ጠፋች። ሰዓቱ እየሮጠ ስለ ነበር ከዚያ ጋር መከራከሩን ትተን ወደ ሌላ ሆስፒታል ሄድን። በዚያ ያገኘናት ሲስተር ግን ለሰው ልጅ ክብር የምትጨነቅ ሴት ነበረች። ወደ ዝግ ክፍል አስገብታ፣ ሙቅ ሻይ አስመጥታ፣ «ሕክምናሽ ይቀድማል፤ ፖሊስ ዘንድ መሄድ አለመሄዱን አንቺ ታስቢበታለሽ» አለቻት። በምርመራውም ጊዜ አንድ ነገር ከማድረጓ በፊት ሁልጊዜ «ልቀጥል?» እያለች ትጠይቃት ነበር። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጥያቄ ላይ ልጅቱ «ቆይ» አለች፤ ሲስተሯም እጇን አንሥታ ጠበቀቻት። እኔ ያን ጊዜ አለቀስሁ። በሐሙስ ማታ «ተው» ብላ ያልተሰማችው ልጅ፣ ቅዳሜ ዕለት «ቆይ» ብላ ተሰማች። ከመድኃኒቱ ሁሉ አስቀድሞ የተሰጣት መድኃኒት ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ ያለውን አገልግሎት በአንድ ስፍራ ለመስጠት፣ ሐኪሙ፣ የሥነ ልቡና አማካሪው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙበት ማዕከል በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ተቋቁሟል። አሳቡ ቀላል ነው፤ ተበዳይዋ ያንኑ መከራ ለአምስት ሰው አምስት ጊዜ እየደጋገመች እንዳትተርክ ነው። አንዱን ቁስል አምስት ጊዜ መክፈት ሕክምና አይባልምና።

ሰኞ ዕለት በራሷ ፈቃድ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ተረኛው «ለምን አልጮኽሽም?» አላት። ይህ ጥያቄ በፖሊስ ጣቢያ ብቻ የሚሰማ አይደለም፤ በየቤቱ፣ በየቡናው ላይ የሚጠየቅ ነው። መልሱን ቋንቋችን ከጥንት ጀምሮ ሲያውቀው ኖሯል። «ድንጋጤ አፌን ለጎመው»፣ «እግሬ ተሳሰረ» እንል የለምን? ሐኪሞችም ያረጋገጡት ይህንኑ ነው፤ ብርቱ ፍርሃት የደረሰበት ሰው ገላው እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ መሮጥም መጮህም ሊሳነው ይችላል። ይህም ከፈቃድ የሚመጣ አይደለም። እንዲሁም ከተደፈሩት መካከል በገላቸው ላይ ቁስል የማይገኝባቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ አለመጮህ እሺታ አይደለም፤ አለመቁሰልም አለመበደል አይደለም። ደግነቱ በጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የምትይዝ አንዲት መርማሪ ነበረች፤ እርሷም ከተረኛው ፊት አንሥታ ወደ ክፍሏ ወሰደችን፤ በሩን ዘግታ ቃሏን በእርጋታ ጻፈች። ልጅቱም የተጻፈውን ራሷ አንብባ ፈረመች። በማታ ትምህርት ያገኘችው ፊደል በዚያ ቀን ዋጋውን ከፈለ።

በስምንተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ከተቀመጡ በኋላ አንደኛው ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ «ልጄ፣ ሰውየው ተጸጽቷል። ካሣ ይሁን ቢባል ካሣ፣ ጋብቻ ይሁን ቢባል ጋብቻ ዝግጁ ነው። የሴት ልጅ ስም እንደ ነጭ ነጠላ ነው፤ አደባባይ ሲወጣ ይቆሽሻል» አሉኝ። እኔ መልስ ሳዘጋጅ ልጅቱ ከጓዳ ወጣች። እጅ ነሥታ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «አባቴ፣ ነጠላውን ያቆሸሸው ሌላ ሰው ሳለ አጣቢዋ እኔ የምሆነው ስለ ምንድን ነው?» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ከዘራቸውን አንሥተው፣ «እኔ የመጣሁት ለእርቅ መስሎኝ ነበር፤ ይህ ግን እርቅ አይደለም። እግዜር ይርዳሽ፣ ልጄ» ብለው ወጡ። የቀሩትም ተከተሏቸው።

ሽምግልናን የማከብር ሰው ነኝ። የወሰንና የከብት ጠብ፣ የውርስና የትዳር ሙግት በሽማግሌ ሲያልቅ ማየት ያስደስተኛል። በሽምግልና የሚታረቁት ግን ሁለት ሰዎች እርስ በርስ የተጋጩ እንደ ሆነ ነው፤ እዚህ ላይ ግጭት የለም፤ አንዱ በድሏል፣ አንዷ ተበድላለች። ሕጉም ይህን ያውቃል። አስገድዶ መድፈር በግል አቤቱታ ብቻ ከሚያስከስሱት ወንጀሎች ስላልተቆጠረ፣ የሽማግሌ እርቅ የዐቃቤ ሕግን ክስ አይዘጋውም።

የሕጉ ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አስገድዶ መድፈርንና ጠለፋን ወንጀል ብሎ ቢደነግግም፣ በዳዩ የተበደለችውን ያገባት እንደ ሆነ ከክስ የሚያመልጥበትን በር ክፍት ትቶ ነበር። በዚያ በር ስንቱ እንዳመለጠ፣ ስንቷም ከበደላት ሰው ጋር አንድ መሶብ ቀርባ እንደ ኖረች እናቶቻችን ያውቁታል። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘጋው። በአንቀጽ 620 መሠረት አስገድዶ የደፈረ ሰው ከ5 ዓመት እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ የተበደለችው ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ እንደ ሆነች ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ከፍ ይላል። በተጨማሪም ከመደፈር የመጣ ፅንስ እንዲቋረጥ በተፈቀደበት ስፍራ፣ ሕጉ ሌላ ማስረጃ ሳይሻ የሴቲቱን ቃል ብቻ በቂ አድርጎ ተቀብሏል። ሕግ ቃሏን ካመነ፣ እኛ ጎረቤቶቿ ከሕግ በላይ ተጠራጣሪ የምንሆነው በምን ሥልጣናችን ነው?

ከሕጉ መለወጥ በፊት በ1989 ዓ.ም. በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፍራ፣ ለማምለጥ ስትሸሽ ያሳደዳትን ጠላፊዋን በጠመንጃ ገድላ ተከስሳ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ሆኖላት፣ ፍርድ ቤቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ይህንኑ ታሪክ መሠረት አድርጎ በ2006 ዓ.ም. የወጣው ፊልም «ድፍረት» ተብሏል። ስሙ ብልኅ ስም ነው። በአማርኛ «ደፈረ» ማለት አንድም በግፍ ነካ፣ አንድም ሳይፈራ ተነሣ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ቃሉን ለበዳዩ ሰጥተነው ኖረናል፤ አንገቷን ቀና አድርጋ የደረሰባትን የምትናገር ሴት ግን ከእርሱ ይልቅ ደፋር መባል የሚገባት ናት።

የዝምታው ትእዛዝም እጅግ ጥንታዊ ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል የተጻፈውን የትዕማርን ታሪክ የማያውቅ የለም። የንጉሥ ልጅ ሳለች ወንድሟ አምኖን ታምሜአለሁ ብሎ አታልሎ አዋረዳት። እርሷ አልደበቀችም፤ በራሷ ላይ ዐመድ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀድዳ፣ እየጮኸች ወጣች። ወንድሟ አቤሴሎም ግን ዝም እንድትልና ነገሩን በልቧ እንዳታኖር ነገራት። አባቷ ዳዊትም ሰምቶ ተቆጣ፤ ከቁጣ ያለፈ ግን ምንም አላደረገም። እርሷም በወንድሟ ቤት በኀዘን ተቀመጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ የተዳፈነው ዝምታ ግን አልጠፋም፤ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለው፤ ከዚያም ነገር የመንግሥት ዐመፅና የአባትና የልጅ ጦርነት መጣ። በዚያ ቤት ቁጣ ነበር፤ በኋላም በቀል ነበር፤ ያልነበረው ፍርድ ነው፤ ከትዕማር አጠገብ ተቀምጦ «ምን ላድርግልሽ?» ያላትም ሰው አልተጻፈም።

ብዙ ጊዜ ወንድሞችና አባቶች እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ ጩቤ ይመዛሉ። ቁጣቸው ከፍቅር የመጣ መሆኑ አይካድም። ግን የተበደለችው ልጅ ወዲያውኑ ሁለተኛ ጭንቀት ይጨመርባታል፤ የራሷን ቁስል ትታ ወንድሟ እንዳይታሰር መለመን ትጀምራለች። እርዳታ ማለት ከእርሷ ፍላጎት የሚነሣ ነው፤ «ሐኪም ልውሰድሽ? ከማን ጋር መሆን ትፈልጊያለሽ? ዛሬ ማታ የት ብታድሪ ይሻልሻል?» የሚል ነው።

የማደሪያውም ጉዳይ ቀላል አይደለም። የአክስቴ ልጅ እኔን አገኘች፤ በከተማው ዘመድ የሌላት የቤት ሠራተኛ ግን በደሉ ከተፈጸመበት ቤት ወጥታ ወዴት ትሂድ? ለዚህ ሲባል የቀድሞ ዳኛ ወይዘሮ ማሪያ ሙኒር በ1990ዎቹ ዓመታት የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር፣ የተበደሉ ሴቶችና ልጆች የሚጠለሉበት፣ የሚታከሙበትና ሙያ የሚማሩበት ቤት ከፍቷል። እንዲህ ያለ ቤት በሀገራችን ከሚያስፈልገው ቁጥር ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለፈው ጊዜ የተአምር ጊዜ አልነበረም። የ28 ቀኑ መድኃኒት ያቅለሸልሻት ነበርና ማታ ማታ ከእራት በኋላ አብሬአት ቁጭ እል ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች፤ ሌሊት እየቃዠች ትነሣለች። «አሁንስ አልረሳሽውም?» የሚላት ዘመድ አልጠፋም፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን በትእዛዝ አይረሳም። በየሳምንቱ ወደ አማካሪዋ ትሄድ ነበር፤ መመለሻዋን በአውቶቡስ ማቆሚያው እጠብቃታለሁ፤ የተነጋገሩትን ግን አልጠይቃትም። ከሦስት ወር በኋላ የደም ምርመራዋ ከቫይረሱ ነፃ ሆኖ ተገኘ። የፍርድ ቤቱም ቀጠሮ ከቀጠሮ እየተላለፈ ከዓመት በላይ ወሰደ፤ ምስክርነቷን በዝግ ችሎት ሰጠች፤ ሰውየውም ተፈረደበት። በዚያ ቀን እልል ያልን እንዳይመስላችሁ። ከችሎት ወጥተን በእግራችን ስንሄድ፣ «እትዬ፣ ደብተሬን እቤት ረስቼዋለሁ፤ ዛሬ ማታ ፈተና አለብን» አለችኝ። እኔም ከፍርዱ ይልቅ በዚህ ቃል ደስ አለኝ።

ለመሥሪያ ቤት ባልንጀሮቼ የምለው አለኝ። ከመካከላችን ብዙዎቹ የቤት ሠራተኛ ቀጥረን የምናኖር፣ እኅትና ልጅ ያለን፣ በየጠረጴዛችንም የሰው አቤቱታ የምንቀበል ሰዎች ነን። በካርድ ክፍል፣ በጣቢያው፣ በቀበሌው የሚቀመጠው እንደ እኛ ያለ ሰው ነው። አንዲት ሴት ብርታቷን ሁሉ አሰባስባ ወደ መስኮቱ ስትቀርብ የምትሰማው የመጀመሪያ ቃል፣ ወደ ፊት እንድትሄድ ወይም ወደ ቤቷ ተመልሳ በሩን እንድትዘጋ ይወስናል። «ደብዳቤ አምጪ» ማለትና «ግቢ፣ ተቀመጪ» ማለት ሁለቱም የአንድ ትንፋሽ ሥራ ናቸው፤ ደመወዛችንም በሁለቱ አይለያይም።

«አይዞሽ» የሚለው ቃላችን መልካም ቃል ነው። ግን ከበስተኋላው የሚቆም ሰው ይፈልጋል፤ እስከ ሆስፒታል አብሮ የሚሄድ፣ በችሎት ደጃፍ የሚጠብቅ፣ ከስድስት ወርም በኋላ ያልሰለቸ ሰው። ገበናውን በተመለከተ ግን፣ ገበናው የሠራው ሰው ነው፤ እርሱው ይሸከመው። ለተበደለችው ልጅ የሚገባት ሐኪም፣ ዳኛና ወገን ነው።